ወሬ የማታሳጥረዋ ሃዋ

ጻፊ ሰሚራ። እኔ እንደምናገረው ጻፊ፤ አንቺ እንደሚያምርሽ አይደለም።

ሃዋ ሞተች። ወሬው የመጣው በአባትሽ በጀማል ስልክ ነው። ምሳ በልተን አያትሽ ሀጂ ጋደም ብለዋል፤ ቬንቲላተሩ ከላያቸው ይዞራል። ጀማል ከቢሮ መጣና ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ በር ላይ ቆሞ፣ "አባ፣ ሃዋ ሞታለች ይላል" አለ።

ሀጂ ተነስተው ቁጭ አሉ። "የት?"

"ታጁራ።"

"ምን አግኝቷት?"

"አይልም።"

"ማን አየ? ማን ቀበራት? ማነው የላከልህ?"

"አባ፣ የተጻፈው ይሄው ነው። ሃዋ ሞታለች፣ አላህ ይማራት። በቃ።"

"በቃ?" አሉ ሀጂ። ደግመው፣ "በቃ?"

እኔ ኢና ሊላሂ አልኩ። አልኩና ዓይኔ ወዴት ሄደ? ወደ ሀጂ ፊት። ሰባን አልፌ፣ ጥርሴ ረግፎ፣ ሴትዮዋ ሞታም እንኳ ፊታቸው ላይ ምን አለ ብዬ አያለሁ። ሀጂ ወደ ግድግዳው ዞረው ተኙ። እናቴ የሞተች ጊዜ እንደዚያ አልዞሩም። እናቴ የሞተች ጊዜ ምሳ በልተዋል።

አትሳቂ፣ ጻፊ።

እኔ የድሬ ልጅ ነኝ፤ ቀፊራ ገበያ አጠገብ ነው ያደግኩት። ፊደል አልቆጠርኩም። ሀጂ አግብተው ወደዚህ ጅቡቲ አመጡኝ፣ ካርቲየ ዱ የሚባል ሰፈር አስቀመጡኝ። ከታች ሱቅ፣ ከላይ ቤት። ሀጂ ጨርቅ ይሸጡ ነበር። ኋላ ሰሜን ላይ ጦርነት ሲነሳ የኢትዮጵያ ዕቃ ሁሉ ወደዚህ ወደብ ዞረ። ከተማው በአንዴ የጭነት መኪና ሆነ። ሀጂም ጨርቁን ትተው የሰው ዕቃ ከወደብ እያወጡ ወደ አገር ቤት መጫን ጀመሩ። ይሄ ሥራ ደግሞ ወሬ ይፈልጋል። የቱ ወንዝ ሞላ፣ ጋላፊ ኬላ ላይ ወረፋው ምን ይመስላል፣ የት መንገድ ተዘጋ፤ ይህን ያላወቀ ሰው ዕቃውን በረሃ ላይ ይቀቅለዋል።

ሃዋ የመጣችው ያን ጊዜ ነው።

አፋር ናት። አባቷ ሹፌር ነበር፤ ሚሌ ላይ ከሐበሻ ሹፌሮች መካከል ስላደገች አማርኛዋ ከእኔ ይበልጣል። እዚህ ደግሞ ፈረንሳይኛ ትምህርት ቤት ገብታለች። አፋርኛ ትላለሽ፣ ሱማልኛ ትላለሽ፣ አረብኛ ትላለሽ፣ ሁሉን ታውቃለች። የማታውቀው ቋንቋ ዝምታ ብቻ ነው። ረጅም ናት፣ የወርቅ ጥርስ አላት፣ ሽቶዋ ከእሷ ቀድሞ ደረጃውን ይወጣል። ስትገባ ወንበር ስጡኝ አትልም። ከቬንቲላተሩ ሥር ያለውን የሀጂን ወንበር ይዛ እግሯን ትዘረጋለች። ሀጂን ደግሞ "አንተ" ትላቸዋለች። እኔ ሚስታቸው፣ የልጆቻቸው እናት፣ "እርስዎ" እያልኩ አርጅቻለሁ፤ እሷ ከመንገድ መጥታ "አንተ ሰውዬ፣ ውሃ የለህም?"

ሥራዋ ምን መሰለሽ። ጠዋት ፔካ ዱዝ ትሄዳለች፤ ከባልባላ ወጣ ብሎ መኪኖቹ የሚቆሙበት ቦታ ነው። እዚያ ከሹፌሮቹ ጋር ሻይ ትጠጣለች፣ ትስቃለች፣ ትሰማለች። ከአስር ሰላት በኋላ መጥታ ለሀጂ ትነግራለች። በቃ ይሄ ነው ሥራዋ። ለዚህ ደመወዝ አላት።

ግን አነጋገሯ! አፋሮች ዳጉ የሚሉት ነገር አላቸው። ሁለት ሰው መንገድ ላይ ከተገናኘ ቁጭ ብሎ ያየውን የሰማውን ሁሉ ይነጋገራል። መዝለል ነውር ነው። ያየኸውን አየሁ፣ የሰማኸውን ከእገሌ ሰማሁ ትላለህ እንጂ አታቀላቅልም። በክፉ ወሬ ደግሞ አይጀመርም። መጀመሪያ ሰላሙ ነው። እና ሃዋ ውሃዋን ጠጥታ፣ ሻሿን አስተካክላ ትጀምራለች፦

"ከተለያየን ወዲህ ሰላም ነው። ፔካ ዱዝ ሰላም ነው። ዲኪል ሰላም ነው፤ ከዲኪል የመጣው ባለ ቀይ መኪና ነው የነገረኝ፣ ያ ዓይኑ የሚያብጠው። ዮቦኪ ሰላም ነው። ዝናቡ ጥሩ ነው፣ ግመሉ ጠግቧል። ጋላፊ ሰላም ነው…"

እኔ ከማድቤት ሆኜ፣ "ቢስሚላህ! የሞተ ሰው ካለ እስከዚያ ተነስቶ ቤቱ ይገባል!" እላለሁ። ማንም አይሰማኝም።

ሰላሙ ሁሉ ካለቀ በኋላ ድምጿን ዝቅ ታደርግና ክፉውን አንዴ ትለዋለች። አንዴ ብቻ። ክፉ ነገር ሲደጋገም ጓደኛውን ይጠራል ይላሉ። ሀጂ ያን ጊዜ ጎንበስ ብለው ጆሯቸውን ይሰጧታል። ይሄ ነው። ይሄን ጆሮ ነው የምልሽ።

እኔ፣ "ሀጂ፣ ዛሬ ገበያ ሄጄ" ብዬ ስጀምር፣ "አሳጥሪው ፋጤ" ይሉኛል። ልጅ ታሟል ስል፣ አሳጥሪው። አባትሽን ልወልድ ምጥ ላይ ሆኜ "ሀጂ…" ስል አሳጥሪው ሊሉኝ ነው የቀራቸው። እሷ ግን ከአስር እስከ መግሪብ ስታወራ ቆይታ ዝም ስትል፣ "ምን ረሳሽ?" ይሏታል። ምን ረሳሽ! እኔን በሕይወቴ አንድ ቀን ምን ረሳሽ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም።

የሰፈር ሴቶችማ ሠርግ አደረጉት። "ጣውንትሽ ዛሬ ገባች?" ይሉኛል ከመስኮት ወደ መስኮት። "ቆንጆ ሽቶ ነው፣ ለአንቺም ይገዛሉ?" ሀጂ ሁለተኛ ሊያገቡ ነው ተባለ። እኔም አመንኩ። ታዲያ ሰው ሚስት የማያደርጋትን ሴት ይህን ያህል ያዳምጣል?

አንድ ቀን ሀጂ መስጊድ ሳሉ ቀድማ መጣች። ውሃ አቀረብኩላት፤ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ ጓ አደረግኩት።

"ፋጤ፣ ብርጭቆው ምን አደረገሽ?" አለች።

"ውሃ ነው። ጠጪ።"

"መርዝ የለውም?"

"መርዝ ውድ ነው።"

ሳቀች። ያ የወርቅ ጥርስ ብልጭ አለ። "ባሌን ልትወስድ ነው ብለሽ ነው አይደል?"

"ሰው ይላል።"

"ሰው የሚባል የለም። ማን ይላል? ያየ ነው የሰማ?"

"የሰማ።"

"ከማን የሰማ?"

የፈሰሰውን ውሃ በጨርቅ ጠረግኩ።

"ስሚ ፋጤ። እኔ ባል አንድ ጊዜ ሞክሬዋለሁ፣ ይበቃኛል። ይሄን ሽማግሌ ምን ላደርገው ነው? ጉልበቱን ሳሽ ልኖር? ባልሽ ያንቺ ነው። ጆሮውን ግን አልመልስልሽም።"

"ጆሯቸውን ማን ጠየቀሽ?"

"ዓይንሽ" አለችኝ። ውሃዋን ጠጣች።

ከዚያ ቀን ወዲህ የባሰ ጠላኋት። ባሌን ብትፈልግ እኮ መላ አለው። ሽማግሌ እልካለሁ፣ እናቷ ዘንድ ሄጄ እጮሃለሁ፣ ፀጉሯን እይዛለሁ። ጆሮ የወሰደች ሴት የት ትከሰሳለች? ቃዲው ምን ይለኛል?

ልክ ነበረች ወይ ካልሽኝ፣ ልክ ነበረች። እሱ ነው የሚያቃጥለኝ። አንድ ቀን ሰላሙን ሁሉ ጨርሳ፣ "ግን ዛሬ ሹፌሮቹ ሻይ ላይ አልተሰዳደቡም" አለች። እኔ ከማድቤት ሳቅኩ። ሀጂ ግን፣ "አልተሰዳደቡም?" አሉ። "አንድም ስድብ የለም። እናቱን የተሰደበ ሰው የለም።" ሀጂ ተነስተው በዚያው ቀን ሊወጣ የነበረውን ጭነት አስቆሙ። በማግስቱ ሹፌሮቹ ሁሉ ተማክረው ኖሮ መንገድ ላይ መኪናቸውን አቁመው አንሄድም አሉ፤ የሌላው ነጋዴ ሽንኩርት በፀሐይ በሰበሰ። ሀጂን ሳይሆን እሷን "እንዴት አወቅሽ?" ብላት፣ "ሹፌር የማይሰዳደበው ሲያኮርፍ ወይ ሲማከር ነው" አለችኝ። "ታዲያ ይሄን ብቻ ብትነግሪያቸው ምን አለበት? ያን ሁሉ ሰላም ለምን ትደረድሪያለሽ?" አልኳት። "ወሬ ግመል ነው ፋጤ። በር አላስገባው ብሎሽ እግሩን ብትቆርጪው ቤት ይገባል፤ ግን አይሄድም።"

ምን አልሽ? ረዘመ? አሳጥሪው? አንቺም ሰሚራ? አያትሽን መሰልሽ። ጻፊ።

እንግዲህ አባትሽ ውጭ ተምሮ መጣ። ሥራው ሰፍቷል፤ ነፃ ቀጠና ውስጥ ቢሮ ከፈቱ፣ መጋዘን ያዙ። በየቦታው ሰው አለ፣ ጋላፊ፣ ደወሌ፣ ወደቡ ላይ። ሁሉም በየቀኑ የሆነውን ጽፎ በስልክ ይልካል። የጽሑፍ ክምር ሆነ። ጀማል አንድ ቀን ምሳ ላይ፣ "ኡሚ፣ አባ ይሄን ሁሉ ፈረንሳይኛ ቁጭ ብሎ ሊያነብ አይችልም። አሁን ማሽኑ ራሱ አንብቦ፣ ዋና ዋናውን አውጥቶ አምስት መስመር ያደርግለታል" አለኝ።

"የሁሉንም?"

"የሁሉንም።"

"የሃዋንም?"

"የሃዋንም።"

"ሃዋ አምስት መስመር ትሆናለች?"

"አምስቱ የሁሉም ነው ኡሚ። ለሃዋ አንድ ቢደርሳት ነው።"

ወላሂ እልልታዬን በሻሼ አፈንኩት። "ይሄን ማሽን የሠራው ሰው እጁ አይንቀጥቀጥ፣ የወለደችው ትባረክ" አልኩ። ያን ቀን ለጀማል ከድስቱ ሥጋውን ሁሉ አውጥቼ ሰጠሁት። "ኡሚ ምን ተገኘ?" ይለኛል። ምን ይገኝ! ገላገልከኝ ልበለው?

ሃዋ እዚህ ቤት ድረስ አትመላለሺ፣ ከፔካ ዱዝ ሆነሽ ጻፊልን ተባለች። ስልክ ተሰጣት። እሷ እንደሆነ እጇም እንደ አፏ ነው፤ እንደምትናገረው፣ ከሰላሙ ጀምራ ትጽፋለች። ማሽኑ ያሳጥራል። ሀጂ ጠዋት ሻያቸውን ይዘው አምስቷን መስመር ያነቧታል፤ ሻዩ ሳይበርድ ወሬው ያልቃል። እውነቱን ልንገርሽ፣ ማሽኑ ሥራ ያውቃል። የትኛው መርከብ ገባ፣ የትኛው ኮንቴነር ወጣ፣ በዚያ አይሳሳትም። ጀማልም ሰነፍ አይደለም። አንድ ሽማግሌ የዚያን ሁሉ ሰው ወሬ ሊሰማ አይችልም፤ ልክ ነው።

እና ከአስር በኋላ ወንበሩ ባዶ ሆነ። እኔ ታጠብኩ፣ ጥሩ ድርያዬን ለበስኩ፣ ሄጄ ተቀመጥኩበት።

"ሀጂ፣ ዛሬ ምን ሆነ መሰለዎት…"

"አሳጥሪው ፋጤ።"

"ኧረ ገና አልጀመርኩም!"

"ኢትዮጵያ ሙሉ አምስት መስመር ናት፤ አንቺ ምን አለሽ?"

ይኸውልሽ። ጆሯቸው ከእሷ ወጣ፤ ወደ እኔ ግን አልመጣም። ስልካቸው ውስጥ ቀረ። እንዲያውም ባሰባቸው፤ መስጊድ ኢማሙን ሳይቀር ያሳጥሩ ሊሏቸው ደረሱ።

ከዚያ ዝናቡ መጣ። ታናሽ ወንድሜ እድሪስ የሀጂን መኪና ነው የሚነዳው። ያን ጠዋት ሩዝ ጭኗል። ስንቁን ሊወስድ ብቅ አለ፤ ሳምቡሳ በወረቀት ጠቀለልኩለት። በር ላይ ቆሞ፣ "ሀጂ፣ ሰማዩ በዲኪል በኩል ደስ አይልም" አለ። ሀጂ ስልካቸውን አዩ። "መንገዱ ሰላም ነው ይላል። ጋላፊ ወረፋ የለም። ዝናቡ ጥሩ ነው ይላል" አሉት። "እንግዲህ ካለ" አለና ሄደ።

ከዲኪል አልፎ ደረቁ ወንዝ ላይ ጎርፍ መታው። መኪናው በጎኑ ተኛ። እድሪስ ላዩ ላይ ወጥቶ ሰው እስኪመጣለት ብረት ላይ ተንጠለጠለ። ነፍሱ ተረፈች፤ ዳሌው ግን ተሰበረ፤ ይኸው እንደምታዪው በምርኩዝ ነው። ሩዙ ውሃ ጠጥቶ፣ አብጦ ከረጢቱን ቀደደ። የአገሩ ፍየል ሁሉ ሠርግ በላ ይላሉ።

ሃዋ ቤት መጣች። ለመጀመሪያ ጊዜ አልተቀመጠችም። ለመጀመሪያ ጊዜ ሰላም ነው አላለችም።

"ነግሬህ ነበር!" አለች ሀጂን። "አንተ ሰውዬ፣ ነግሬህ ነበር! ምነው ጆሮህን ሸጥከው?"

"ምንም አልነገርሽኝም" አሉ ሀጂ።

ጀማል ስልኩን አወጣና የጻፈችውን ፈለገ። ወደ ታች፣ ወደ ታች፣ ወደ ታች ወረደ። ከሰላሙ ሁሉ ሥር አገኘው። ጮክ ብሎ ወደ አማርኛ እያዞረ አነበበልን፦ "ከዲኪል በላይ ሁለት እረኞች ውሃው ከተራራው ጠቁሮ ሲወርድ በዓይናቸው አይተዋል። ዛሬ መኪና አይውጣ።" የልጄ ፊት አመድ ሆነ።

"ማሽኑ…" አለ። "አክስቴ፣ ማሽኑ ብዙ ጊዜ የተባለውን ነው የሚይዘው። አንቺ ሰላም፣ ሰላም፣ ሰላም ብለሻል። ዝናቡ ጥሩ ብለሻል። እሱን ያዘ። ይሄ አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያለው፣ ያውም መጨረሻ።"

"ክፉ ነገር ስንት ጊዜ ይባላል?"

"አይደለም፤ ዋናውን ከላይ ብታደርጊው ብቻ ይበቃል። መጀመሪያ ላይ ጻፊው።"

"አንተ የሰው በር አንኳኩተህ ሞተ ትልና ከዚያ እንደምን ዋላችሁ ትላለህ?"

"እኔ ለማሽኑ ነው የምልሽ እንጂ…"

"እኔ ለማሽን አልነገርኩም። ለአባትህ ነው የነገርኩት" አለች። ቦርሳዋን ከፍታ የሰጧትን ስልክ አወጣችና ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። "ለዚያ ለአሳጣሪህ ስጠው። ሰላም ነው በለው።"

ወጣች። ሀጂ እሷ የወጣችበትን በር ያያሉ። ውሃ የጠማው ሰው ቧንቧ እንደሚያየው ነው የሚያዩት። ወንድሜ ሆስፒታል ተኝቶ፣ እኔ ደግሞ ዓይናቸውን እቆጣጠራለሁ።

ሁለት ጁምዓ ታገሱና፣ "ሃያብለ፣ ቤቷ ድረስ እሄዳለሁ፣ እመልሳታለሁ" አሉ ሀጂ።

"እኔም እሄዳለሁ" አልኩ።

"አንቺ ምን ትሠሪያለሽ?"

"እድሪስን ሆስፒታል ጠይቃዋለች፤ ላመሰግናት ነው።" ለማመስገን! ብቻቸውን እልካቸዋለሁ?

ቤቷ ቆርቆሮ ነው፣ ሰማያዊ ቀለም የተቀባ። በር ላይ የዳስ ጥላ አለ፤ እዚያ ምንጣፍ አነጠፈችልን። ሰላሙን ሁሉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አስባለችን፤ የባሕሩን፣ የፍየሉን፣ የጎረቤቱን። ከዚያ ሀጂ፣ "ሃዋ፣ ተመለሺ። ወንበርሽ አለ" አሉ። ወንበርሽ! የራሳቸው ወንበር እኮ ነው።

"አልመለስም" አለች። "ደረቴ አመመኝ። የፔካ ዱዝ ጭስ በልቶኛል። ከባሕሩ ማዶ ታጁራ የእናቴ ዘመዶች አሉኝ፣ እዚያ እገባለሁ።"

"ታዲያ ለእኔ ማን ይነግረኛል?"

በአገጯ ወደ እኔ ጠቆመች። "ይቺ ማንን ስትጠብቅ አረጀች?"

"ፋጤ?" አሉ ሀጂ። ደነገጡ። "ፋጤ ወሬ አታውቅም።"

"ጠይቀሃት ታውቃለህ?"

አየሽ ሰሚራ? ምስጋና የሚገባት ይመስልሻል አይደል? እኔ ደሜ ፈላ። የገዛ ባሌን ጆሮ ምጽዋት ልትሰጠኝ! ለእኔ! ያገለገለ ሻሽ እንደሚሰጥ! ተነሳሁና፣ "ሀጂ፣ ፀሐዩ በረታ፣ እንሂድ" አልኩ። እስከ መንገዱ ሸኘችን። ታክሲ ስንጠብቅ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ "ቀናሽ?" አለችኝ።

"አልቀናሁም።"

"ፋጤ፣ በዳጉ ውሸት የለም።"

"እኔ አፋር አይደለሁም" አልኳት። እየሳቀች እጄን ጨበጠችኝ። መጨረሻ ያየኋት ያን ቀን ነው።

ጀማል ማሽኑን አልጣለውም። አሁን ግን የእያንዳንዱን ሰው ጽሑፍ መጨረሻ ራሱ እያየ ነው የሚያሳልፈው፤ ለዚያ ጠዋት ቀድሞ ይገባል። ሀጂም አርጅተው ሥራውን ተዉለት። አምስቷ መስመር ወደ ጀማል ሄደች፤ ሀጂ ከቬንቲላተሩ ሥር ዝም ብለው ይውላሉ። እኔም ዝም። ወሬ ጀምሬ ከመቆረጥ ብዬ መጀመሩን ትቼዋለሁ።

እና ያ "በቃ" የተባለ ቀን፣ ሀጂ ከግድግዳው ዞረው፣ "ፋጤ፣ ታጁራ ሂጂ" አሉኝ።

"እኔ? ለሃዋ ለቅሶ?"

"የእኔ ጉልበት ጀልባ አይወጣም። ሴቶች ዘንድ ደግሞ ሁሉም ይወራል። ሂጂና ስሚልኝ።"

አልሄድም ልላቸው ነበር። ግን አንድ ነገር ገፍቶኝ ሄድኩ፤ አንቺ ፈተና ላይ ስለነበርሽ አታውቂም። ጀልባውን በሁለት እጄ ጨብጬ ባሕሩን ተሻገርኩ። ለቅሶ ቤቱ ደርሼ ጫማዬን አውልቄ ስገባ ሴቶቹ፣ "ከየት ነሽ?" አሉኝ። "ከጅቡቲ። ፋጤ እባላለሁ።" እርስ በርሳቸው ተያዩ። አንዷ ወፍራም ሴትዮ፣ "የካርቲየ ዱዋ ፋጤ? ጣውንቷ ነሽ?" አለች።

ለቅሶ ቤት ውስጥ ሰው እንዲህ ሲስቅ አይቼ አላውቅም። ሃዋ ለካ ለሰፈሩ ሁሉ፣ "ጅቡቲ ፋጤ የምትባል ጣውንት አለችኝ፤ ባል ሳልይዝ ጣውንት የያዝኩ እኔ ብቻ ነኝ" እያለች ስታወራ ኖራለች። ብርጭቆውን ያውቃሉ። መርዝ ውድ ነው ያልኩትን ያውቃሉ። ከማድቤት የጮህኩትን ሁሉ፣ ማንም አልሰማኝም ያልኩትን ሁሉ፣ ቃል በቃል ያውቃሉ። ሰምታኝ ነበር። ያቺ ሴትዮ ሁሉንም ሰምታኝ ነበር።

በአስር ሰላት ቤት ደረስኩ። ሀጂ ተነስተው ቆመው ጠበቁኝ። አገጫቸውን ምርኩዛቸው ላይ አስደግፈው ተቀመጡ። እኔ ጀመርኩ። ባሕሩን ነገርኳቸው። ቤቱን፣ ኒም ዛፉን፣ ከዛፉ ሥር እየተቀመጠች ያለፈውን ሹፌር ሁሉ እያስቆመች መንገዱን ትጠይቅ እንደነበር ነገርኳቸው፤ ማንም ሳይልካት። ሳሏን ነገርኳቸው። ያጠበቻትን፣ የከፈነቻትን፣ መቃብሯ ከማን አጠገብ እንደሆነ፣ ያየሁትን አየሁ፣ የሰማሁትን ከእገሊት ሰማሁ እያልኩ። ሀጂ አንድ ጊዜ አላቋረጡኝም። አንድ ጊዜ!

አንድ ቦታ ላይ ጎንበስ አሉና፣ "ስለ እኔስ ምን አለች?" አሉኝ።

"ስለ እርስዎ ምንም።"

"ምንም?"

"ስለ እኔ ነው ስታወራ የኖረችው።"

ፊታቸውን አየሁት። ወላሂ ቀኑ ሰሚራ። ሀጂ በእኔ ቀኑ። እንዴት እንደጣፈጠኝ! "ምን አለች? ንገሪኛ!" አሉ እንደ ልጅ። ነገርኳቸው። እየነገርኩ ግን አንድ ነገር ያዘኝ። ከዚህ ሰው ጆሮ ላስወጣት ዕድሜዬን ጨረስኩ፤ አሁን ደግሞ እያወራኋት ቶሎ እንዳታልቅብኝ ፈራሁ። የምንጣፉን ቀለም ጨመርኩ፤ አይቼዋለሁ፣ ውሸት አይደለም። የወፍራሟን ሴትዮ ሳቅ ደገምኩ። መግሪብ ተባለ፣ ሰግደው ተመልሰው መጥተው ተቀመጡ።

ትናንት፣ "ሌላስ?" አሉኝ። ዛሬ ጠዋትም እንደዚሁ። ሌላ ምን አለኝ? የሰማሁትን ጨርሻለሁ፤ መቀባጠር ደግሞ አልችልም፣ ያወቁብኛል። አርባዋ ሲደርስ ታጁራ እመለሳለሁ ብያቸዋለሁ፤ ሴቶቹ ያላወሩልኝ ገና ብዙ አለ። ለጀልባው ጀማልን ንገሪልኝ። ለእሷ ብዬ የምሄድ ግን እንዳይመስልሽ።